ባሕር የሌለው ከፍታ፦ የኢትዮጵያ መልክዓ ምድርና የተፈጥሮ ሀብት በፊዚክስ ዓይን

መግቢያ

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ስለ ኢነርጂ ትምህርት በምንሰጥበት አንድ ቀን፣ ከኋላ መቀመጫ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «መምህር፣ አገራችን የምሥራቅ አፍሪካ የውሃ ማማ ናት እየተባልን ነው ያደግነው። ታዲያ እናቴ እስከ ዛሬ በእንጨት ጭስ ዓይኗ የሚለበለበው ለምንድን ነው?» ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ጥያቄው ከብዙ የመጽሐፍ ጥያቄዎች ይበልጥ የፊዚክስ ጥያቄ ነበርና። በዕለቱ የሰጠነው መልስ ግን አጭርና ያልተሟላ ነበር። ይህ ጽሑፍ የዚያን ዕለት ዕዳ ለመክፈል የተዘጋጀ ነው።

የአገራችንን መልክዓ ምድር በተመለከተ በየትምህርት ደረጃው የምናጠናቸው ዝርዝሮች አሉ፤ ተራሮች፣ ወንዞች፣ ሐይቆች፣ ማዕድናት። ዝርዝሩን በቃል መያዝ መልካም ነው። ሆኖም ዝርዝር ብቻውን ሀብት ምን ያህል እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ለምን በእጃችን እንዳልገባ አይነግረንም። ለዚህም ስሌት ያስፈልጋል። ስለዚህ ውድ አንባቢያን እርሳስና ወረቀት ይዘው እንዲከተሉን እንጋብዛለን። የሚያስፈልገው ሒሳብ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ኢትዮጵያ 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያላት፣ ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የሌላት አገር ናት። ይሁን እንጂ መልክዓ ምድሯን በአንድ ቃል ግለጹ ብንባል «ባሕር አልባ» ከማለት ይልቅ «ከፍታ» የሚለውን ቃል እንመርጣለን። ከፍታችን የሀብታችንም የወጪያችንም ምንጭ ነውና።

ከፍታው ከየት መጣ?

ከራስ ዳሸን ጫፍ (4,533 ሜትር ገደማ) እስከ ዳሎል አካባቢ (ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ) ያለው ልዩነት ከ4,600 ሜትር በላይ ነው። ይህን ያህል ልዩነት በአንዲት አገር ውስጥ እንዲገኝ ያደረገው ከእግራችን በታች ያለው ሙቀት ነው።

ከምድር ጥልቅ የሚነሣ ከአካባቢው ይበልጥ የሞቀ አለት እፍግታው ስለሚቀንስ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በላዩ ያለውን የምድር ቅርፊትም ሊጥ ኩፍ ሲል ክዳኑን እንደሚያነሣ ሁሉ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይህ ሙቀት እጅግ ሰፊ የሆነ የቅልጥ አለት ጎርፍ በምድሪቱ ላይ አፈሰሰ። ዛሬ በሰሜንና በማዕከላዊ ደጋዎቻችን በገደሎች ላይ እንደ ደረጃ ተነባብሮ የምናየው ጥቁር ባዛልት የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ወደ ላይ የተነፋው ቅርፊት በጊዜ ብዛት ተሰነጠቀ። በአፋር የአፍሪካ (ኑብያ)፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች እርስ በርስ ይራራቃሉ። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ከጥፍራችን እድገት እንኳ ያነሰ ፍጥነት ነው። ሆኖም ምድር ሁልጊዜ በዝግታ አትሄድም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት በዘለቀው የርዕደ መሬት ሰንሰለት ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተዋል። በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሚገኘው ሀይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሯል። ከፍታችንን የሠራው ሞተር ዛሬም እንዳልቆመ ከዚህ እንረዳለን።

ከፍታና አየር

የአየር ሙቀት ከፍታ በጨመረ ቁጥር በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። በዳሎል እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተለክቶ የተገኘው ዓመታዊ አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪን የሚያልፍ ሲሆን፣ የሰው ልጅ በኖረባቸው ስፍራዎች ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። አዲስ አበባ ከዳሎል 2.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። 2.5 በ6.5 ሲባዛ 16 ይሆናል። በእርግጥ የሚለካው ልዩነት 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ትርፉን ልዩነት የአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ድርቀትና ሌሎች የአካባቢ ምክንያቶች ያብራሩታል። አባቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው አገሩን በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው ሲከፍሉ ይህንኑ ሕግ በሰብል ለክተውታል። ማሽላ፣ ጤፍና ገብስ እንደ ቴርሞሜትር ሆነው አገልግለዋል ማለት ነው።

ከፍታ የአየሩን ግፊትም ይቀንሳል። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 75 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለትምህርት በውጭ አገር በባሕር ዳርቻ ከተማ በኖርንባቸው ዓመታት ከአገር ቤት የተላከልን ምስር ከጠበቅነው ጊዜ ቀድሞ በመብሰሉ ተገርመን ነበር። ምስሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ግፊቱ ነው። የማብሰል ሂደት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚለውን ሻካራ ግምት ከወሰድን፣ በደጋ የሚኖር ቤተሰብ ባቄላውን ለመቀቀል የሚወስድበት ጊዜ ከባሕር ዳርቻው ነዋሪ በእጅጉ ይበልጣል። ጊዜ ደግሞ እንጨት ነው። ክዳኑ ገጥሞ እንፋሎት የሚያፍን ድስት በደጋ አገር ይበልጥ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዝናቡን ማን ያወጣዋል?

ከአትላንቲክና ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ የሚነፍስ እርጥበት አዘል አየር ደጋዎቻችንን ሲያገኝ ወደ ላይ ለመውጣት ይገደዳል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱን መሸከም ያቅተዋል። በዚህም ምክንያት በደቡብ ምዕራብ ደጋዎች አንዳንድ ስፍራዎች በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲዘንብ፣ በአፋር ዝቅተኛ ስፍራዎች ግን 200 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ውሃውን ከባሕር ያነሣችው ፀሐይ ናት። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ለማትነን 2.45 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። ያ ውሃ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲያርፍ የሚኖረው እምቅ ኢነርጂ ደግሞ 1 በ9.8 በ2,000 ሲባዛ 19,600 ጁል ነው። ሁለቱን ብናካፍል 125 እናገኛለን። ፀሐይ ካወጣችው 125 ብር ውስጥ ለደጋው የደረሰው 1 ብር ብቻ ነው እንደማለት ነው። ወንዞቻችን በዚህች መልስ ሳንቲም ይህን ያህል ጉልበት ካላቸው፣ ባለገንዘቧ ራሷ ምን ያህል ልትሰጠን እንደምትችል ወደፊት እንመለስበታለን።

ውሃው ሲወርድ

በአገሪቱ 12 ተፋሰሶች በዓመት በአማካይ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንደሚፈስ ይገመታል። ይህ ሁሉ ውሃ እስከ ጠረፍ ድረስ በአማካይ 1,000 ሜትር ይወርዳል ብንል፣ አንዲት ጠብታ ሳትባክን የሚገኘው አማካይ አቅም 38,000 ሜጋ ዋት ገደማ ይሆናል። (ውሃውን በኪሎ ግራም፣ በ9.8ና በ1,000 አባዝተን በአንድ ዓመት ሰከንዶች ማለትም በ31.5 ሚሊዮን እናካፍላለን።) በመማሪያ መጻሕፍት «ኢትዮጵያ 45,000 ሜጋ ዋት የውሃ ኃይል አላት» የሚል ቁጥር ስናነብ ግራ ሊገባን ይችላል፤ ከተፈጥሮ ወሰን የሚበልጥ እንዴት ሊሆን ይችላል? ምሥጢሩ በሁለት ዓይነት ሜጋ ዋት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው። አንዱ ተርባይኖች በሙሉ ኃይላቸው ሲሽከረከሩ የሚሰጡት የተተከለ አቅም ነው። ሌላው ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ ሲካፈል የሚገኘው አማካይ አቅም ነው።

ልዩነቱን በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ እንመልከት። የግድቡ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተቀመጠ፤ የመጀመሪያው ተርባይን በየካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል አመነጨ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የዋናው ግድብ ከፍታ 145 ሜትር፣ የሐይቁ ይዘት 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ የተተከለ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው።

ስሌት፦ በግድቡ ስፍራ ዓባይ በዓመት 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይፈስሳል እንበል። ይህም በሰከንድ 1,550 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ውሃው የሚወድቅበት ከፍታ 130 ሜትር፣ የማሽኖቹ ብቃት 90 በመቶ ይሁን። እንግዲህ 1,550 በ1,000 ኪሎ ግራም፣ በ9.8፣ በ130ና በ0.9 ሲባዛ 1,780 ሚሊዮን ዋት ገደማ ይሰጣል። በዓመት ውስጥ ባሉት 8,760 ሰዓቶች ስናባዛው 15,600 ጊጋ ዋት ሰዓት እናገኛለን። ለግድቡ በዓመት ይመነጫል ተብሎ የታቀደው 15,700 ገደማ በመሆኑ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ የሠራነው ስሌት ከመሐንዲሶቹ ዕቅድ ጋር ይቀራረባል።

ስለዚህ አማካዩ አቅም 1,780፣ የተተከለው 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ጥምርታው 35 በመቶ ገደማ ይመጣል። ይህ ጉድለት አይደለም። ተጨማሪዎቹ ተርባይኖች ሕዝቡ ብዙ ኃይል በሚፈልግበት ሰዓት ብዙ ለማመንጨት፣ ፍላጎት በሚቀንስበት ሰዓት ውሃውን ለማቆየት ያስችላሉ። ዳሩ ግን ሁለቱን ቁጥሮች የሚያምታታ ሰው ያለውን ሀብት በሦስት እጥፍ አጋንኖ ያያል።

ከፍታ ውሃን ሊተካ እንደሚችልም እናስተውል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሁለት የራሱ ትልቅ ግድብ የለውም። ከግልገል ጊቤ አንድ የወጣውን ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ተራራውን አሻግሮ 500 ሜትር ያህል በመጣል 420 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በስሌታችን መሠረት ለዚህ የሚያስፈልገው ውሃ በሰከንድ 95 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። በተዳፋት አገር ጥቂት ውሃ ብዙ ይሠራል።

ፀሐይ፣ ነፋስና የከርሰ ምድር ሙቀት

ፀሐይ በአገራችን በአማካይ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ታፈስሳለች። በመላው የአገሪቱ ስፋት ስናባዛው በአንድ ቀን 5.5 ሚሊዮን ጊጋ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይኸውም የሕዳሴው ግድብ በ350 ዓመት የሚያመነጨው ነው። የሚያርፍብንን 15 በመቶ ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጡ ፓነሎች የግድቡን ዓመታዊ ምርት ለማግኘት 57 ካሬ ኪሎ ሜትር የፓነል ገጽ ይበቃል። መተላለፊያና ክፍተቱ ሲታሰብ መሬቱ ሁለትና ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ፣ ከግድቡ ሐይቅ ስፋት ከአሥር አንዱ አይሞላም።

ታዲያ ግድብ ለምን አስፈለገ? ፀሐይ ማታ የለችምና ነው። ሐይቅ ግን ያጠራቀመውን ለሌሊት ያቆያል። ቀን ቀን በፀሐይ እየተጠቀምን ውሃውን ብናሳድር፣ ግድቡ ማንም ፋብሪካ ያልሠራው ግዙፍ ባትሪ ይሆንልናል። የነፋስም ነገር ተመሳሳይ ነው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ (51 ሜጋ ዋት) እና በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ ጣቢያ (120 ሜጋ ዋት) ወንዞች በሚጎድሉበት በበጋ ወራት ጠንከር ባለ ነፋስ ይሠራሉ። የነፋስ አቅም በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ ነፋሱ እጥፍ ሲሆን አቅሙ ስምንት እጥፍ ይሆናል። እዚህም ከፍታ ድርሻውን ያስከፍላል፤ የደጋው አየር ስስ በመሆኑ ያው ፍጥነት ያለው ነፋስ በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ያነሰ ነው የሚሰጠን።

ሦስተኛው ምንጭ ከታች ነው። በአብዛኛው ዓለም በአንድ ኪሎ ሜትር ጥልቀት ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይጨምራል። በስምጥ ሸለቆው በአሉቶ ግን ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር በሚጠጋና ከዚያም በሚያልፍ ጥልቀት ከ300 ዲግሪ በላይ ተለክቷል። በዚያ በ1990 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አነስተኛ ጣቢያ የተተከለ አቅሙ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። የከርሰ ምድር እንፋሎት ድርቅም ሌሊትም አያውቅም። ከብዶ ያስቀረው የጉድጓድ ቁፋሮው ወጪና ሲቆፈር እንፋሎት ላይገኝ ይችላል የሚለው ስጋት ነው።

ባሕሩ ትቶልን የሄደው

ባሕር የሌላት አገር የባሕር ጨው አላት። የዳናክል ዝቅተኛ ስፍራ በቀደመው ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። በዳርቻው ዛሬም ድረስ ደርቀው የሚታዩት የኮራል ድንጋዮች ለዚህ ምስክር ናቸው። መግቢያው በተዘጋ ጊዜ ውሃው ተነነ፤ ጨው ግን አይተንምና ቀረ። ይህ ደጋግሞ በመሆኑ የተከማቸው ጨው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት እንዳለው ይገመታል። ከአሳሌ እየተፈለጠ በግመል የወጣው አሞሌ ለብዙ ዘመናት እንደ ገንዘብ ያገለገለው ይኸው የባሕር ቅሪት ነው። ከጨው ጋር ተደርቦ የሚገኘው ፖታሽ ደግሞ የማዳበሪያ ጥሬ ዕቃ ነው።

ሌሎቹም ማዕድናት የየራሳቸው ታሪክ አላቸው። ወርቅ በለገ ደንቢ፣ ታንታለም በቀንጢቻ የሚገኙት የባዛልቱ ልብስ ባልሸፈነው ወይም ተገፎ በተወሰደበት፣ ከግማሽ ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው አሮጌ አለት ውስጥ ነው። በ2000 ዓ.ም. በወሎ ደላንታ የተገኘው ኦፓል ግን የዚያው የእሳተ ገሞራ ዘመን ልጅ ነው። የካሉብና የሂላላ የተፈጥሮ ጋዝ ደግሞ በምሥራቅ፣ ጥንታዊ ባሕር ባነጠፋቸው ደለል አለቶች ውስጥ ይገኛል። አንድ ተማሪ የአለቱን ዕድሜና አፈጣጠር ካወቀ የማዕድኑን ቦታ በቃል መሸምደድ አያሻውም።

የስበት ቀረጥ

የባሕር በር ጉዳይ ብዙ የሚያነጋግር ነው። እኛ እዚህ ከፊዚክሱ አንወጣም። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ 2,300 ሜትር ገደማ ሽቅብ ይወጣል። ለዚህ ብቻ የሚያስፈልገው 100 በ9.8 በ2,300፣ ማለትም 2.25 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ማንም ቀራጭ ሊምረን የማይችል የመሬት ስበት ቀረጥ ነው።

በዚህ ላይ የጎማና የመንገድ ሰበቃ ይጨመራል። በ900 ኪሎ ሜትር ገደማ የአስፋልት መንገድ፣ የመሽከርከር ሰበቃው ከክብደቱ 0.8 በመቶ ቢሆን፣ ለዚያው ኩንታል 7 ሚሊዮን ጁል ይወጣል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሆን ግን ሰበቃው ወደ 0.2 በመቶ ይወርዳል። በ750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ 1.5 ሚሊዮን ጁል ብቻ ይበቃል። ድምሩ በመኪና 9.3፣ በባቡር 3.7 ሚሊዮን ጁል ነው። የተሽከርካሪው ክብደት፣ የአየር ግጭትና የመንገዱ ውጣ ውረድ አልተቆጠሩም፤ ንጽጽሩን ግን አይገለብጡትም። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ትርጉሙ ከዚህ ይገባናል፤ በባቡር ላይ ትልቁ ወጪ ርቀቱ ሳይሆን ዳገቱ ነው።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ሐሳብም አለ። ለከፍተኛና ባሕር አልባ አገር የሚበጀው ሽያጭ ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው ከባድ የሆነ ነው። ቡና፣ ወርቅና አበባ በዚህ መመዘኛ ያልፋሉ። ከሁሉም የሚቀለው ኤሌክትሪክ ነው፤ ወደብም መርከብም አይሻም። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጅቡቲ፣ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም መስመር ለኬንያ መሸጡ የመልክዓ ምድራችንን ሕግ የተከተለ ንግድ ነው።

ሳይታወቅ የሚወርደው ሀብት

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ተረቱ ስለ ግንዱ ነገረን እንጂ ስለ አፈሩ አልነገረንም።

በአንድ ሄክታር ማሳ ላይ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 10,000 ቶን ውሃ ማለት ነው። ጠብታዎቹ በሰከንድ 7 ሜትር ፍጥነት መሬቱን ቢመቱ የሚያሳርፉት ኢነርጂ 245 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም በ7 ሊትር ያህል ናፍጣ ውስጥ ያለው ነው። ይህ ሁሉ ድብደባ ባዶ አፈር ላይ ሲያርፍ ቅንጣቶቹን ይፈታቸዋል፤ ተዳፋቱም ይሸኛቸዋል። ሣር ወይም ቅጠል ከለበሰ ግን ድብደባውን የሚቀበለው ቅጠሉ ነው።

ዓባይ በጠረፍ በኩል በዓመት በአማካይ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ይዞ ያልፋል። በተፋሰሱ ስፋት (200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ) ብናከፋፍለው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሚመስል ያዘናጋል። ነገር ግን አንደኛ፣ አፈሩ የሚሄደው ከመላው ተፋሰስ እኩል ሳይሆን ይበልጡን ከታረሰ ተዳፋት ነው። ሁለተኛ፣ ጠረፍ የሚደርሰው ከየማሳው ከተነቀለው ከፊሉ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር ከብዙ አሥርት እስከ መቶዎች ዓመታት ይፈጃል። ገበሬው የሚያጣው ደግሞ ከታች ያለውን ሳይሆን ፍሬ የሚሰጠውን የላይኛውን አፈር ነው።

ብዙዎች «ደለሉ ግድቡን ይሞላዋል» ብለው ይሰጋሉ። በዓመት 100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ቢገባ እንኳ 74 ቢሊዮኑን ለመሙላት ከ700 ዓመት በላይ ይፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. ሥራ እንደጀመረው እንደ ቆቃ ላሉ ለትንንሾቹ ግን ስጋቱ እውን ሆኗል፤ ደለል የቆቃን ይዘት በብዙ ቀንሶታል። በሕዳሴው ጉዳይ ቀድሞ የሚጎዳው ግድቡ ሳይሆን ማሳው ነው ማለት ነው። እርከን፣ የሣር ልባስና ደን የግድብ ጠባቂ ከመሆናቸው በፊት የእንጀራችን ጠባቂዎች ናቸው።

ለተማሪው ጥያቄ መልስ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል። የሕዳሴው ግድብ አማካይ አቅም 1,780 ሜጋ ዋት በዚህ ሲካፈል 500,000 ያህል ምጣድ ይሆናል። አማካዩን እየሰጠ ሳለ በአንድ ጊዜ ሊጋገርበት የሚችለው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ተርባይኖቹ ሁሉ ቢሽከረከሩም ወደ 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላላት አገር ይህ ጥቂት ነው።

ግን ቶሎ ተስፋ አንቁረጥ። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ቢጋግር በዓመት 730 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የግድቡን ዓመታዊ ምርት በዚህ ብናካፍል ከ21 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ እናገኛለን። በመስመር ላይ የሚባክነውና ለፋብሪካና ለመብራት የሚውለው ሳይታሰብ ማለት ነው። ኢነርጂው ይበቃል፤ የማይበቃው ሁላችንም በአንድ ሰዓት ስንፈልገው ያለው አቅም ነው። በኢነርጂና በአቅም መካከል ያለው ልዩነት በፈተና ወረቀት ላይ ሁለት ነጥብ ያስገኛል፤ በአገር ደረጃ ግን የሚሊዮኖች እናቶች ዓይን ጉዳይ ነው።

ስለዚህ የተማሪያችን እናት በጭስ የምትቸገረው አገሩ ደሃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ማማው ሐሰት ስለሆነም አይደለም። በውሃው ከፍታና በምጣዷ መካከል ግድብ፣ ማስተላለፊያ መስመር፣ ትራንስፎርመርና ባነሰ ኃይል የሚጋግር ምጣድ መኖር አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ከፍታው ቁጥር ሆኖ ይቀራል። ሙቀት የማያባክን ምጣድ መሥራት፣ የመጋገሪያ ሰዓትን ማከፋፈል፣ የፀሐይን ቀን ከግድቡ ሌሊት ጋር ማጣመር፣ ተዳፋቱን ማልበስ፦ እነዚህ በእናንተ ዕድሜና በእናንተ እጅ ሊሠሩ የሚችሉ ሥራዎች ናቸው። ማማ ላይ የወጣ ሰው እህሉን የሚጠብቀው ነቅቶ ካየ ብቻ ነውና።

ለአንባቢያን የቀረቡ መልመጃዎች

1. የምትኖሩበትን ከተማ ከፍታ ፈልጉ፤ ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውሃ መፍያ በ1 ዲግሪ ገደማ እንደሚቀንስ በመውሰድ በከተማችሁ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አስሉ፤ ከተቻለም በቤተ ሙከራ ለኩ።

2. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ምንጭ በደቂቃ ስንት ሊትር እንደሚሰጥ በባልዲና በሰዓት ለኩ። ውሃው 20 ሜትር ቢወድቅ፣ በ60 በመቶ ብቃት ስንት አምፖል ያበራል?

3. ከጅቡቲ ባዶውን 15 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 30 ቶን ጭኖ ቢመጣ፣ ለእያንዳንዱ ኩንታል ጭነት የሚደርሰው የስበት ቀረጥ ከላይ ካሰላነው በስንት ይበልጣል?

4. ምጣዳችሁ ከሚወስደው ሙቀት ሩቡን ማዳን ብትችሉ፣ የሕዳሴው ግድብ አማካይ አቅም በአንድ ጊዜ ስንት ምጣድ ያሠራል?